የጂጂ የ2001 አልበም ባህላዊ ነው አይደለም? ስትሰሙት እናንተን ምን ይላችኋል?

ሚሚ_ከጉለሌ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ። እኔ እንደ ብዙ የዘመኔ ልጅ ከጂጂ (እጅጋየሁ ሽባባው) ስራ በደንብ የማውቀው ሁለቱን ነበር፣ የካቲት 23 ሲመጣ ሁሉም ቻናል የሚያዘንበውን አድዋን እና የግድቡ ዜና ላይ ከስር የሚለቀቀውን ዓባይን። ሁለቱም ያሉት አንድ አልበም ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ 2001 የወጣው በራሷ ስም ጂጂ ተብሎ። ሰሞኑን ሄድፎን አድርጌ ከጉድ ፈላ ጀምሬ ሳልዘል እስከ መጨረሻው ሰማሁት እና ግራ ገባኝ። መጥፎ ሆኖብኝ አይደለም። ግማሹ አንጀቴን በልቶታል፣ ባለዋሽንቱን እየመለስኩ እየመለስኩ ነው የሰማሁት። ግማሹን ደግሞ የት እንደምመድበው አላውቅም፣ ቤዙ ወፍራም ነው፣ ሳክስፎኑ ሳታስቡት ገብቶ ሳትጠግቡት ይወጣል፣ እሷ ግን ከጀርባዋ ምንም እንዳልተፈጠረ የጎጃም ዜማዋን ትቀጥላለች።

ለአጎቴ አሰማሁት። አጎቴ ድሮ መርካቶ ካሴት ቤት ይሰራ የነበረ ሰው ነው የባህል ዘፈን ላይ ቀልድ አያውቅም። ሁለት ሶስቱን ሰምቶ "ልጅቷስ ድምፅ አላት፣ ምን ያደርጋል ክራሩን ቤዝ ዋጠው፣ ይሄ ለፈረንጅ የተሰራ ነው" ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። እኔ ደግሞ አሁን ባህላዊ እየተባለ ዩቲዩብ ላይ ከሚለቀቀው ሁሉ ይሄኛው ነው አገሬን አገሬን የሚለኝ። እና ጥያቄዬ ይሄ ነገር ባህላዊ ይባላል አይባልም? ያኔ ሲወጣ የሰማችሁትስ ሰው እንዴት ነበር የተቀበለው? ከዚህ ቀጥሎ የትኛውን ስራዋን ልስማ ለሚለውም ምክር ያላችሁ በሉኝ።

እትዬ_ባልትና፦

ሚሚዬ እንኳን ጠየቅሽ የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነገር አስታወስሽኝ። ያኔ እኔ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ የሀበሻ ባልትና ሱቅ ካሸሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሲዲ የሚሸጠው ሙዚቃ ቤት ብቻ አልነበረም፣ እኛም ጋ ካሸሩ ፊት ለፊት ከስልክ ካርዱ ጎን ይደረደር ነበር፣ ሰው እንጀራና በርበሬ ይገዛና አገር ቤት ሊደውል ካርድ ይጨምርና ሲዲ ያነሳል። የጂጂ ሲዲ የመጣ ሰሞን ሱቁ ውስጥ እኔ እከፍተው ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ "ጭፈራ አለው?"። ለሰርግ ለልደት የሚሆን ነበራ የሚፈልጉት። የለውም ስል ግማሹ መልሶ ያስቀምጠዋል።

አንድ ቅዳሜ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ናፈቀኝ የሚለው ተከፍቷል፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው "ይሄ ዘፈን ነው ለቅሶ? ለውጪው እንጂ እኛ ለቅሶ ከቤታችን አለን" አሉኝ። ከኋላቸው የነበረች ልጅ "አባባ እርስዎ አገር ቤት ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?" አለቻቸው። በቃ እዛው ጭቅጭቅ ሆነ፣ አንዱ ሙዚቃው ተበላሽቷል ይላል አንዱ እንዲህ ነው እንጂ ይላል፣ ማንም ሂሳብ የሚከፍል ጠፋ እኔ ደግሞ እንጀራው እየደረቀብኝ። ሰውዬው በመጨረሻ ሳይገዙ ሄዱ። ልጅቷ ገዛች።

ሌላው ደግሞ ፈረንጆቹ። ጋዜጣ ላይ አንብበው ይመጡና "ጊጊ አለሽ?" ይሉኛል ሃሃ። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ እንኳን አልገባኝም ነበር። እነሱ ሲዲውን ገልብጠው ከጀርባ ያለውን ስም ነው የሚያነቡት፣ ኸርቢ ሃንኮክ ምናምን እያሉ ይደነቃሉ፣ የኛ ሰው ያንኑ ያነብና "እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?" ይለኛል። አንድ ሲዲ ነው፣ አንዱ ለሷ ሲል ሊገዛው ሌላው ለአጃቢዎቹ። እና ለጥያቄሽ የኔ መልስ፣ ሲወጣ ሁሉም እልል ብሎ አልተቀበለውም፣ አሁን ሁሉም ያኔ ጀምሮ ይወደው የነበረ ይመስል ያወራል እንጂ። አገር ቤትም የተባለው ተብሏል፣ ከለመድነው አፈንግጧል ተብሎ ብዙ ተነቅፏል።

ቤዝ_መቺው፦

ለአጎትሽ ከነአክብሮቴ ክራሩን የዋጠው ቤዝ ሳይሆን የስልክሽ ስፒከር ነው 😀 እውነቴን ነው ይሄን አልበም በስልክ ስፒከር ያሰማሽው ከሆነ ግማሹን አልሰማም። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ራሱ ቤዚስት ነው፣ ዳብ ሬጌ ያበደ ሰውዬ፣ ሳውንዱን ከታች ነው የሚገነባው። ያሳተመውም ፓልም ፒክቸርስ ነው ማለት የክሪስ ብላክዌል፣ ቦብ ማርሌን በአይላንድ ሪከርድስ ለአለም ያወጣው ሰውዬ። እነዚህ ሰዎች ቤዝ ይቀንሱልሻል ብለሽ ነው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አጎትሽ "ባህላዊ" ሲል የትኛውን ነው እያሰበ ያለው? መርካቶ ካሴት ቤት ከሰራ የሸጠው የሰማንያዎቹንና የዘጠናዎቹን ካሴት ነው (በኛ አቆጣጠርም በነሱም)። እሱ ዘመን ላይ ባህላዊ የሚባለው ካሴት ብዙው የተሰራው በምንድነው? በኪቦርድ። አንድ ሰው ኪቦርዱን ይዞ ይቀመጣል፣ ድረም ማሽኑ ችክችካውን ይመታል፣ ብራሱም እሱ ነው ቤዙም እሱ ነው፣ ማሲንቆ ካለ መግቢያው ላይ ትንሽ ይሰማና ይጠፋል። ጆሮአችን ያንን ስለለመደ ያ ባህላዊ ሆነብን። እንግዲህ ጃፓን የተሰራ ኪቦርድ ባህላዊ ከሆነ እዚህ አልበም ላይ የመታው የሃሚድ ድሬክ ድረም ምን ወንጀል ሰራ?

እኔ ስሰማው የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የኛ አራቱ ቅኝት፣ ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ባንዶቻችን ዘመናዊ እናርገው ሲሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መደርደር ነው፣ በየሁለት ባሩ ኮርድ ይቀያየራል፣ ያን ጊዜ ዘፋኙ ድምፁን እያንቀጠቀጠ እየሰበረ የሚሄድበት ቦታ ያጣል ምክንያቱም ኮርዱ ቶሎ ድረስ ቶሎ ድረስ ይለዋል። ላስዌል ይሄን አላደረገም። ቤዙን አንድ ቦታ ይተክለውና ያመላልሰዋል፣ ከላዩ ባዶ ሜዳ ነው፣ እሷ እንደፈለገች ትሄድበታለች፣ ልክ እረኛ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲያንጎራጉር እንደሚረዝምለት ነው የሚረዝምላት። ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስን የሚያክሉ ሳክስፎኒስቶች ሄንሪ ትሬድጊልን ጨምሮ እዛ አልበም ላይ ተጋብዘው እንኳን ሶሎ ሲያዘንቡባት አትሰሚም። ሳንደርስ እ.ኤ.አ በ2022 ሾርተር በ2023 አረፉ፣ የጃዝ ሰው ሁሉ ስለነሱ ሲፅፍ እኔ አስቤ የነበረው ከጂጂ፣ ከአንዲት የቻግኒ ልጅ ጎን ቆመው አማርኛ ሲያዳምጡ ነው፣ ቋንቋውን ሳያውቁ የት እስትንፋስ እንደምትወስድ ግን ያውቁታል።

ስለዚህ ለኔ ድምፁ ከዛ ዘመን ካሴቶች ይልቅ ለገጠሩ ይቀርባል። አጃቢው ፈረንጅ ነው፣ አዎ። አዘፋፈኑን ግን አልነኩባትም።

ዝም_ብለህ_ስማ፦

ወገን እኔ ይሄን ሁሉ ትንታኔ አላውቅም እኔ ለእንቅልፍ ነው የምጠቀመው 😴 በተለይ እዛው አልበም ላይ ላስዌል ሪሚክስ የሰራውን እ.ኤ.አ 2003 የወጣውን ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ የሚባለውን። ድምጿ አልፎ አልፎ ነው ከሩቅ የሚመጣው፣ ሌላው ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ነገር። ፈተና ሳጠናም እሱ ነው።

ቤዝ_መቺው፦

@ዝም_ብለህ_ስማ ወንድሜ ጂጂን ከጂጂ አልበም ላይ ቀንሰህ ነው የምትሰማው እኮ

ዝም_ብለህ_ስማ፦

ቤዙ አለ አይደል ምን ቸገረህ አንተ 😂

የደብተራው_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ነገሩን በሌላ በኩል ልየው። እህታችን ሚሚ ባህላዊ ነው አይደለም ብላ ጠየቀች፣ ወንድማችን ደግሞ ስለ ቅኝትና ስለ ኪቦርድ አብራራ፣ ጥሩ ነው። ግን የዚህች ልጅ ዜማ ከየት እንደመጣ ማንም አላነሳም። እሷ ራሷ ልጅ ሆና ቤታቸው ከነበሩ ቄስ ዜማ እንደተማረች ተናግራለች። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፣ ዋሸራ በሉት ጎንጅ በሉት፣ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ያላለፈ ሰው እንኳን ሲናገር ሰምና ወርቅ አያጣም። ሴት ልጅ ማህሌት አትቆምም፣ በእልልታ ነው የምታጅበው። እሷ እቤቷ የሰማችውን ዜማ ማህሌት ላይ ልታወጣው አትችልም ነበር፣ ዘፈን ላይ ወጣ።

ይሄን ስል ደስ ብሎኝ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት። አልበሙ ላይ ካህን የሚል ርዕስ ሳይ መጀመሪያ ደንግጫለሁ፣ አሁንም የቤተክርስቲያን ጣዕም ያለው ዜማ ከሳክስፎን ጋር ሲመጣ ሰውነቴ ይከብደዋል፣ ይሄ የኔ አስተዳደግ ነው ማንም ላይ አልጭንም። ግን ጆሮዬን ልዋሸው አልችልም። ያሬድ ሶስት ዜማ ነው የተወልን ግዕዝ ዕዝል አራራይ፣ አራራይ ማለት ልብ የሚያባባው ነው፣ አድዋን በሰማሁ ቁጥር አራራይ አራራይ ይለኛል። አስቡት እስቲ አድዋ ተብሎ የተዘፈነ ነገር፣ ድል ነው፣ 1888 ዓ.ም፣ ፉከራ ይጠበቃል ቀረርቶ ይጠበቃል "ዘራፍ" ይጠበቃል። አንድም የለበትም። ዝግ ብላ ለሞቱት እንደምታመሰግን ሆና ነው የምትዘፍነው፣ ወደ ጸሎት ነው የሚያደላው። አባቴ ዘፈን የሚባል ነገር እቤቱ አያስገባም፣ አድዋ በቲቪ ሲመጣ ግን ድምፁን ቀንሱት ብሎ አያውቅም።

እትዬ_ባልትና፦

@የደብተራው_ልጅ ልጄ እውነትህን ነው፣ እኛም ሱቅ የሚመጡ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተክርስቲያን እየወጡ "ያቺን የአድዋዋን ክፈችልን" ይሉኝ ነበር። ሌላውን ዘፈን ግን እሁድ አታስከፍቱኝም ባዮች ነበሩ፣ እሷን ብቻ።

የተሳቢ_ሾፌር፦

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልፅፍም ግን ቻግኒ ስትነሳ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የተሳቢ ሾፌር ነበርኩ ግድቡ በሚሰራበት ጊዜ ሲሚንቶና ብረት ጭነን በእንጅባራ አድርገን ቻግኒን አልፈን በግልገል በለስ በማምቡክ ወደ ጉባ ነበር የምንወርደው። እና የዓባይ ዘፋኝ የተወለደችበት ከተማ ወደ ዓባይ ግድብ የሚኬድበት መንገድ ላይ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሾፌሮቹ እናውቅ ነበር። ቻግኒ ለምሳ ስንቆም አንዱ ፍላሽ ይሰካና ይከፍታታል፣ አስተናጋጇ ሳትቀር "የኛ ልጅ" ትላለች።

ባህላዊ ነው አይደለም ለሚለው እኔ እውቀቱ የለኝም ግን የቻግኒን ገበያ ላየ ሰው ጥያቄው ራሱ ይከብደዋል። አማርኛው አለ አገውኛው አለ ሽናሻው ከወዲያ ይመጣል ጉሙዙ ማሩን ቅሉን ይዞ ይመጣል ሁሉም በየቋንቋው ሲዋዋል ትሰማለህ። እዛ ያደገ ልጅ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሊኖር አይችልም። እኛ "የጎጃም ዘፈን" ስንል አንድ ዓይነት እስክስታ ብቻ ይመስለናል እንጂ።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ላውራ። ዓባይን አሁን ሁሉም ሰው የግድቡ ዘፈን አድርጎታል። ግድቡ የተጀመረው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2011) ነው፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017። ዘፈኑ ግን ግድቡ ሳይጀመር አስር ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። እሷ ስትዘፍነው ተርባይን የለም ኮንክሪት የለም፣ ወንዙ ብቻ ነው ያለው፣ ታሞግሰዋለች ቁንጅናውን እየደረደረች ከዛ ግብፅን ታነሳለች ወንዙን መንካት መዘዝ እንዳለውም ታውቃለች። ለኔ ግማሹ ሙገሳ ግማሹ ወቀሳ ነው፣ እንደሚወዱት ግን ሁልጊዜ ጥሎ እንደሚሄድ ሰው። ቲክቶክ ላይ አስራ አምስት ሰከንድ ቆርጠው ባንዲራ እያውለበለቡበት ወቀሳውን ጣሉት። በሌሊት ያን ቁልቁለት እየወረድክ ሙሉውን ስትሰማው ጭብጨባ አይመጣልህም፣ እኔ ዝም ነበር የምለው፣ ረዳቴም ወሬኛ ነው ግን እሱም ዝም ይል ነበር።

ሚሚ_ከጉለሌ፦

ወይኔ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም ነበር ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ "ጭፈራ አለው?" የሚለው ገደለኝ ዛሬም እኮ ሰው አዲስ አልበም ሲወጣ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ጋሼ ሾፌሩ እርስዎ የተናገሩትን ካነበብኩ በኋላ ዓባይን እንደገና ሰማሁት፣ ወቀሳው እውነትም አለ፣ ዜና ላይ ሁሌ እሱ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆርጡት።

ቤዝ መቺው እንዳልከው ለአጎቴ በትልቁ ስፒከር አሰማሁት (ጎረቤት ይቅር ይበለን)። ስለ ኪቦርዱ ያልከውንም ነገርኩት። ተናደደ 😅 "እኛ ካሴት ስንሸጥ ኪቦርድ የገባው ወዶ አይደለም ባንድ መክፈል ስለማይቻል ነው፣ ሰዓት እላፊ እያለ የትኛው ባንድ ነው ሌሊት የሚሰራው" አለኝ። ከዛ ግን ጉራማይሌን እስከ መጨረሻው ሰማው። ምንም አላለም። እኔም አስተያየቱን ሳልጠይቀው ተውኩት፣ ጣቱ ወንበሩን ሲመታ ግን አይቻለሁ።

እሺ አሁን ቀጣይ የትኛውን? ጽዮን ሩትስ የሚባል አለ ሲሉ ሰማሁ እሱ የማነው?

ቤዝ_መቺው፦

አጎትሽ ያሉት ትክክል ነው፣ የሰዓት እላፊውና የብሩ ጉዳይ እኔ ሳልጠቅሰው ያለፍኩት ትልቅ ነገር ነው፣ በደርግ ሰዓት እላፊ የክለብ ባንዱ ሁሉ ነው የተዳከመው። ጣታቸውን ሰላም በዪልኝ።

ጽዮን ሩትስ የራሷ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ 2003 ላይ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም ነው የወጣው፣ ላስዌል ነው የሰራው፣ ድምፁ ግን የእሷ ነው። እዛ ላይ ኤሌክትሮኒኩ ወደ ኋላ ሄዶ የአገር መሳሪያው ፊት መጥቷል። ባቲ ባቲ ብለሽ ጀምሪ፣ አጎትሽ ፊት ይሄን ነበር መጀመሪያ መክፈት የነበረብሽ፣ ያለ ክርክር ያልፍ ነበር። ከሱ በኋላ ወደ 2001ዱ ብትመለሺ ድምጿ ሁለቱም ላይ አንድ መሆኑ ይገባሻል፣ ልብስ ነው የቀየረችው።

ከዛ ጎልድ ኤንድ ዋክስ 2006። እሱ ላይ እኔ ብዙ ሰው እንደሚለው አልደነቅም፣ ስቱዲዮው በዝቶበታል፣ 2001 ላይ የነበረው ባዶ ሜዳ ተሞልቷል። ሙዚቀኛ ስለሆንኩ ቴክኒኩን አደንቃለሁ ግን ደግሜ የምከፍተው ሶስት አራቱን ነው። 2010 የወጣ ምስጋና ኢትዮጵያ የሚል መድረክ ላይ የተቀዳም አለ፣ እሱን በሰው ፊት ስትዘፍን መስማት ለፈለገ ሰው።

የደብተራው_ልጅ፦

በ2006ቱ አልስማማም ወንድሜ። አንተ የምታዳምጠው አጃቢውን ስለሆነ ነው። ርዕሱን ሰምና ወርቅ ብላ የሰየመችው ለጌጥ መሰለህ? ግጥሙን ተቀምጠህ ስማው፣ አንዱን ስንኝ ስለ ፍቅረኛ ነው ብለህ ስትሄድ ስለ አገር ይሆንብሃል ስለ አገር ነው ስትል ስለ ፈጣሪ ይሆንብሃል። 2001ዱ ላይ ዜማው ይመራና ግጥሙ ይከተላል፣ ይሄኛው ላይ ግጥሙ ነው ፊት የሚሄደው። ስቱዲዮው በዝቷል ላልከው ይሁንልህ፣ እኔም አንዳንዱን ባይጨምሩበት እል ነበር።

ቤዝ_መቺው፦

እሺ ደብተራው ግጥሙን ይዤ እንደገና እሰማዋለሁ፣ ድረም ፕሮግራሚንጉን ግን አታስወድደኝም

እትዬ_ባልትና፦

ልጆች እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ እኛ ሱቅ ሲዲው አስራ ምናምን ዶላር ነበር፣ ያን ከፍሎ የገዛ ሰው ራሱ ሰምቶ አያበቃም፣ ወደ ካሴት ይገለብጠዋል ለምን ብትሉ አገር ቤት ሲዲ ማጫወቻ ያለው ጥቂት ነው፣ ከዛ ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይሰጠዋል። እኔም ለእህቴ ልኬያለሁ፣ ካሴቱ አንድ ገፁ ቶሎ ስለሚያልቅ ዘፈኑ መሀል ላይ ይቆረጥባታል፣ እህቴ እስከ ዛሬ አንዱን ዘፈን መጨረሻውን አታውቀውም ነበር ሃሃ፣ ባለፈው ልጇ በስልክ ከፍቶላት "ለካ ይቀጥላል" አለች። አርቲስቷ ከዚህ ሁሉ ቅጂ አምስት ሳንቲም እንዳላገኘች ግን አሁን ሳስበው ይከነክነኛል። እናንተ ገንዘብ ያላችሁ ልጆች ክፈሉና ስሙ።

ዝም_ብለህ_ስማ፦

እትዬ እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ልገዛው ነው። ግን አንድ ጥያቄ፣ ዩቲዩብ ላይ ሰዎች የጫኑትን ቅደም ተከተል አትመኑ፣ አንዱ ዓባይን መጀመሪያ አንዱ አድዋን መሀል ላይ ነው የከተተው፣ ሌላው ጭራሽ ከድሮዎቹ ስራዎቿ ጋር ቀላቅሎ የጂጂ ምርጥ ብሎታል። ሚሚ አንቺ ሳልዘል ሰማሁት ያልሽው በትክክለኛው ተራ ነው ወይስ የአንዱን ቻናል ተራ ነው? አድዋ መጨረሻ ላይ ካልመጣልሽ አልበሙን ገና አልሰማሽውም ማለት ነው።

ሚሚ_ከጉለሌ፦

መጨረሻ ላይ ነው የመጣልኝ፣ ከናፈቀኝ ቀጥሎ። ይልቅ አንተ እንቅልፍህን ትተህ ዋናውን አንዴ ስማው።

የተሳቢ_ሾፌር፦

ሚሚ ልጄ "ጋሼ" ብለሽ አስረጀሽኝ ግን ይሁን። አሁን መስመሬ ወደ ጅቡቲ ነው፣ ሙቀቱ ሌላ ዘፈን ነው የሚፈልገው። ጽዮን ሩትስ ያላችሁትን ፍላሽ ላይ የምጭንበት፣ ተከፍሎም ቢሆን፣ መንገድ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ አፋር መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ በኢንተርኔት መስማቱ አይሆንልኝም።